ሠራተኛውን ከመውቀስዎ በፊት ሥራውን ይዩት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። የመጡት ከተለያየ የሥራ መስክ ነው፤ የሚያነሱት ነገር ግን ይገናኛል። ሰዎች ሥራውን እያወቁት ለምን በሚገባ አይሠሩትም? ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለዓመታት በሕክምና ላቦራቶሪ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። አሁን ድርጅቶች የሥራ ሂደታቸውንና የሠራተኞቻቸውን የሥራ ልማድ እንዲመረምሩ አግዛለሁ። ምሳሌ ስፈልግ ሐሳቤ ቶሎ የሚሄደው ወደ ላቦራቶሪው ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የካሳ ጥያቄ የሚመረምሩ 11 ሠራተኞች አሉኝ። ፋይሎቹ ስህተት እየተገኘባቸው ከሒሳብ ክፍል ይመለሳሉ። አንዱ ፊርማ የለውም፣ ሌላው ላይ የውል ቁጥሩ ተሳስቷል፣ አንዳንዱ ሰነድ ሳይሟላ ያልፋል። የሚመለሱት ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ነው፤ በዚያን ቀን ሥራ የቀለለው ሰው ያርማቸዋል። ሁለት ጊዜ ሥልጠና ሰጠሁ። ከሥልጠናው በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ስህተቱ ይቀንስና እንደገና ይመለሳል። ለሦስት ሰዎች ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ። እያንዳንዱ ሰው በቀን ስንት ፋይል እንደጨረሰ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ፍጥነቱ ጥሩ ነው። እውነቱን ልናገርና ልጆቹ ግድ የላቸውም። ሦስተኛ ሥልጠና ላዘጋጅ ወይስ ሰው ልቀይር?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም ያቆዩአቸው። የመልሱ ግማሽ ራሱ ደብዳቤዎ ውስጥ አለ።

ከሥልጠናው በኋላ ለሁለት ሳምንት ስህተቱ ይቀንሳል ብለዋል። እንግዲህ ልጆቹ በትክክል መሥራት ይችሉበታል። ሮበርት ሜገር እና ፒተር ፓይፕ የተባሉ የሥልጠና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረቡት አንድ ጥያቄ አለ። ሕይወቱ በዚህ ሥራ ላይ ቢንጠለጠል ሰውዬው ሊሠራው ይችላል? መልሱ «አዎ» ከሆነ የጎደለው እውቀት አይደለም፤ ሥልጠናም አይሞላውም። እኔ ይህን ጥያቄ ማንም ሰው የሥልጠና በጀት ከመፈረሙ በፊት ቢጠይቀው ደስ ይለኛል። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ገንዘብና ስንት የሥራ ቀን በዚህ እንደሚባክን ሳስብ ያንገበግበኛል።

«ግድ የላቸውም» የሚለውንም ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። ግድ ማጣት አይቆጠርም። የሚቆጠረው ድርጊት ነው። ፊርማ ያለበትን ገጽ ሳይገልጡ ፋይሉን ማሳለፍ፣ የውል ቁጥሩን ከዋናው ሰነድ ሳያዩ በቃል ከሚያስታውሱት መጻፍ፣ እነዚህ ይታያሉ። ኦግደን ሊንድስሊ የሚባል የባህርይ ተመራማሪ ጥሩ መፈተኛ ነበረው። የሞተ ሰው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ሁሉ ባህርይ አይደለም ይል ነበር። «አትሳሳቱ» የሚለው ትዕዛዝ ይህን ፈተና አያልፍም፤ የሞተ ሰው አይሳሳትማ። «የውል ቁጥሩን ከዋናው ሰነድ ጋር አስተያይተህ ምልክት አድርግ» የሚለው ግን ያልፋል። ሕያው ሰው ብቻ የሚያደርገው ነው፤ መደረግ አለመደረጉም ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በክፍልዎ አንድ ልጅ ፋይሉን ገልጦ፣ ቁጥሩን አመሳክሮ፣ የጎደለውን ሰነድ ደውሎ ሲጠይቅ ምን ይገጥመዋል? ጊዜ ይወስድበታል። ማታ ሰሌዳው ላይ ከጓደኞቹ በታች ይሆናል። ሳይገልጥ ያሳለፈውስ? ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስህተቱ ከአንድ ወር በኋላ ይመለሳል፤ ያውም ለእሱ ላይሆን ይችላል። ያኔ ሥራ የቀለለው ሌላ ሰው ያርምለታል። አስተውለውታል? ጥንቃቄ ዛሬውኑ ያስከፍላል፤ ግዴለሽነት ዛሬውኑ ይክሳል። ልጆቹ ለዚህ አሠራር በትክክል ተስማምተውለታል። ስቲቨን ከር የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለዚህ ነገር ጽፏል፤ ድርጅቶች አንዱን ነገር እየሸለሙ ሌላውን እንደሚጠብቁ። የእርስዎ ሰሌዳ ፍጥነትን ይሸልማል፤ እርስዎ ጥራትን ይጠብቃሉ።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥመኝ የምከተለው ቅደም ተከተል የሥራ ውጤት ተመራማሪው የቶማስ ጊልበርት ነው። ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1978 ለሥራ ውጤት የሚያስፈልጉትን ነገሮች በስድስት ከፈላቸው። ሦስቱ ከሠራተኛው ውጭ ናቸው፦ መረጃ፣ መሣሪያ፣ ማበረታቻ። ሦስቱ በራሱ በሰውዬው ውስጥ ናቸው፦ እውቀት፣ አቅም፣ ፍላጎት። ምርመራው ከውጭ ካሉት ይጀምር ይላል። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ይገኛል፤ ለማስተካከልም ይቀላል። አብዛኞቻችን ግን የምንጀምረው ከስድስተኛው፣ ከፍላጎት ነው።

መሣሪያ ስል ትልቅ ማሽን እንዳይመስልዎ። በላቦራቶሪያችን የደም ናሙና የያዙ ብልቃጦች ስም ሳይለጠፍባቸው ወይም የሌላ ታካሚ ስም ተለጥፎባቸው ይመጡ ነበር። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፤ ሰው ሊገድል ይችላል። ሁሉም «ነርሶቹ ይቸኩላሉ» ይል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሥራው የሚሠራበት ቦታ ቆመን አየን። ስም የሚያትመው ማሽን ከመተላለፊያው ዳር ነው። ነርሷ ለእያንዳንዱ ታካሚ እየተመላለሰች ማተም አትችልም። የአምስት ስድስት ሰው ደም ትቀዳና ሁሉንም አንድ ላይ ትለጥፋለች። ማሽኑ በሚገፋ ጋሪ ላይ ተደርጎ አልጋው አጠገብ ሲደርስ በየታካሚው ፊት መለጠፍ ተጀመረ። ስህተቱ ወዲያው ቀነሰ። በነርሶቹ ፍላጎት ላይ ማንም የሠራው ነገር የለም።

መረጃን በተመለከተ ደግሞ በሙያችን በጣም የታወቀ ታሪክ አለ። ኤመሪ ኤር ፍሬይት የሚባል የአሜሪካ የአየር ጭነት ድርጅት ነበር። ትናንሽ ዕቃዎች በትልልቅ ኮንቴይነር ተጠቃለው እንዲላኩ መመሪያ ነበረው፤ ወጪ ይቆጥባል። ሠራተኞቹ ኮንቴይነር መጠቀም ከሚገባን ጊዜ 90 በመቶውን ያህል እንጠቀማለን ብለው ያምኑ ነበር። ኤድዋርድ ፊኒ የተባለው ኃላፊ ሲያስቆጥር 45 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሠራተኞቹ ራሳቸው ምልክት የሚያደርጉበት ወረቀት ተሰጣቸው፤ ውጤታቸው ይነገራቸው፣ ሲሻሻሉ ይመሰገኑ ጀመር። አጠቃቀሙ ወደ 95 በመቶ ወጣ። ይህን ታሪክ የምወደው ማንም ስላልዋሸበት ነው። ሁሉም በደንብ እየሠራ እንዳለ ከልቡ ያምን ነበር። የእርስዎ ልጆችም «ስንት ፋይል ተመለሰብህ?» ቢባሉ ከእውነተኛው በታች ይገምታሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ማን ነግሯቸው ያውቃል?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ይኸው ነው። ከተመለሱት ፋይሎች 30 ይውሰዱና ብቻዎን ሳይሆን ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሆነው በስህተት ዓይነት ይክፈሏቸው። አንዳንዱ ስህተት ከእናንተ ክፍል በፊት የተፈጠረ ሆኖ ያገኙታል። ሰነዱን የተቀበለው ቅርንጫፍ ያልጠየቀውን ነገር የእርስዎ ሠራተኛ ከየት ያመጣዋል? ይህን ለይተው ከቅርንጫፉ ጋር ይነጋገሩ። የቀረውን ወደ አራት ወይም አምስት ድርጊት አውርዱትና ፋይሉ ሽፋን ላይ በምልክት ማድረጊያ መልክ ይታተም።

ከዚያ ሰሌዳው ይቀየር። የሚቆጠረው «የተጨረሰ ፋይል» መሆኑ ይቅርና «በመጀመሪያው ዙር ሳይመለስ ያለፈ ፋይል» ይሁን። የሒሳብ ክፍልን ፍርድ አንድ ወር አይጠብቁ። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ፋይል በዕጣ አውጥተው ከመላኩ በፊት ይታይ። ውጤቱን ዛሬውኑ ይስማ። የተሳሳተውን ራሱ የሠራው ሰው ያርመው፤ ለሌላ አይሰጥ። ሲያመሰግኑም «ጎበዝ» ብለው አይለፉት። «ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀኑ እንደማይገጥም ያየኸው አንተ ነህ፤ ደንበኛው ሁለተኛ ከመመላለስ ዳነ» ይበሉት።

ማስጠንቀቂያ የተጻፈባቸውን ሦስት ሰዎች ያነጋግሯቸው። አቆጣጠሩ እንደሚቀየርና ለምን እንደሚቀየር ከእርስዎ አፍ ይስሙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሌሎቹ ተሻሽለው አንድ ሰው ብቻ ባለበት ቢቀር፣ ያኔ ስለዚያ ሰው እንነጋገራለን።

ጥያቄ፦ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አዲሱ አለቃችን «ግብረ መልስ ሥራን ያሻሽላል» ብሎ የእያንዳንዳችንን ስም ከስህተት ብዛታችን ጋር ግድግዳ ላይ ለጠፈ። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ስም በቀይ ይጻፋል። አሁን ሰው የተበላሸ ዕቃ ሲያገኝ ይደብቃል ወይም የሌላ ሰው መስመር ላይ ያደርገዋል። ከጓደኛዬ ጋር እንኳ ተኮራርፈናል። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። ምን ብዬ ልንገረው?

መልስ፦ እህቴ፣ አለቃሽ የሰማው ነገር እውነት ነው፤ የቀረው ግማሹ ነው። ስህተት ማሳወቅ ቀይ ስም የሚያስከትል ከሆነ ሰው የሚማረው መደበቅን ነው። ቁጥሩ ይወርዳል፣ የተበላሸው ዕቃ ግን ደንበኛው ጋ ይደርሳል።

ይህን ታሪክ ንገሪው። ጁዲት ኮማኪ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 በአንድ የምግብ ፋብሪካ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ስለ ሥራ ደህንነት ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። መጀመሪያ ደህንነቱ የተጠበቀ አሠራር ምን እንደሚመስል በዝርዝር ጻፉ፤ ለሠራተኞቹም በሥዕል አሳዩ። ከዚያ ሥራው ምን ያህል በመቶ በዚያ መንገድ እንደተሠራ እየቆጠሩ በግራፍ ለጠፉ። ግራፉ የክፍሉ ነው፤ የሰው ስም የለበትም። የሚቆጠረውም ትክክለኛው ሥራ ነው። አንዱ ክፍል ከ70 ወደ 96 በመቶ፣ ሌላው ከ78 ወደ 99 በመቶ ወጣ። ግብረ መልሱ ሲቋረጥ ደግሞ ተመልሶ ወረደ። ይህ የመጨረሻው ለአለቃሽ በጣም ያስፈልገዋል፤ ግራፍ አንዴ ለጥፎ መሄድ አይቻልም።

ብቻሽን አትሂጂ። ከተኮራረፍሻት ጓደኛሽ ጋር ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። «የስም ዝርዝሩ ይነሳ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰውዬው ለማሻሻል የጀመረው ሥራ የተናቀበት ይመስለዋል። «ለሦስት ሳምንት የክፍሉን ውጤት ብቻ እንለጥፍ፣ የእያንዳንዳችንን ለየብቻችን ንገረን፣ የተበላሸ ዕቃ አግኝቶ ያሳወቀ ደግሞ ይመስገን» በሉት። መጀመሪያ ላይ የሚመዘገበው ስህተት ሊጨምር እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሩት። ይደበቅ የነበረው ወደ ብርሃን ሲወጣ ቁጥር ይጨምራል። ይህን ሳያውቅ ካየው ደንግጦ ወደ ቀዩ ቀለም ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ሽልማት፣ ማሞገስ፣ መቁጠር፤ ይህ ሁሉ ሰውን እንደ እንስሳ ማሠልጠን አይደለም ወይ? ሰው ክብር ያለው ፍጡር ነው።

መልስ፦ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነው። የዚህ ዘርፍ መሠረት የተጣለው የባህርይ ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጦችና በርግቦች ላይ ባደረገው ምርምር ነው፤ ይህን አልሸሽገውም።

ነገር ግን እኛ ምርመራ ብንጀምርም ባንጀምርም ሥራ ቦታ ላይ ማንኛውም ድርጊት ተከትሎት የሚመጣ ነገር አለው። ጥሩ ሐሳብ ያነሳች ሠራተኛ «እንግዲያው አንቺው ሥሪው» ተብላ ተጨማሪ ሥራ ሲጫንባት ዝም ማለትን ትማራለች። ቶሎ የሚጨርሰው ሰው የሰነፉ ሥራ ሲደረብለት መዘግየትን ይማራል። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ሆኖም በየቀኑ ሰውን ይጎዳል። እኔ የምጠይቀው ይህ እንዲታይና እንዲስተካከል ነው። የሰውን ክብር የሚነካው ሳይመረምሩ «ሰነፍ» ብሎ መፈረጅ ይመስለኛል።

ሁለት ነገሮችን ግን አልደራደርባቸውም። የሚቆጠረው ነገር ሠራተኛው ሳያውቅ አይቆጠርም። ምን እንደሚቆጠርና እንዴት እንደሚነገር ሲወሰንም ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች አብረው ይወስናሉ። ይህን የማይቀበል ድርጅት ሲገጥመኝ ሥራውን አልወስድም።

ጥያቄ፦ በአንድ የብድር ተቋም ውስጥ ሦስት ክፍሎችን አስተባብራለሁ። የምዝገባ ክፍል የመጣውን ማመልከቻ ሁሉ በዕለቱ ይመዘግባል። የምርመራ ክፍል የመረመረውን አጠራቅሞ ዓርብ ዓርብ ለአጽዳቂው ኮሚቴ ይልካል። ኮሚቴው ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባል። ሦስቱም የተሰጣቸውን ግብ መትተዋል። ደንበኛው ግን ከወር በላይ ይጠብቃል። የቱን ክፍል ልያዝ? ለምዝገባ ክፍል ተጨማሪ ሰው ለመቅጠርም አስበናል።

መልስ፦ የትኛውንም አይያዙ። ጌሪ ራምለር የተባለው የሥራ ሂደት ባለሙያ ደግሞ ደጋግሞ የሚናገረው ነገር ነበር፤ ጥሩ ሠራተኛን ከመጥፎ ሥርዓት ጋር ብታጋጥሙት ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ የሚያሸንፈው ሥርዓቱ ነው። እሱና አለን ብራሽ እ.ኤ.አ. በ1990 አጥብቀው ያስገነዘቡት በክፍሎች መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ነው። በድርጅቱ መዋቅር ላይ ማንም ባለቤት የሌለው ቦታ። የእርስዎ ደንበኛ የጠፋው እዚያ ነው።

የጻፉልኝን ልድገመው። ጥቅሉ ዓርብ ይላካል፤ ኮሚቴው ሐሙስ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋይል ተመርምሮ ካለቀ በኋላ ማንም ሳይነካው ስድስት ቀን ይተኛል። ሰኞ ተመርምሮ ያለቀው ደግሞ ዓርብን ለመጠበቅ ተጨማሪ አራት ቀን ይቆያል። ማንም አልሰነፈም። የቀኖቹ አቀማመጥ ብቻ ነው። ጥቅሉ ረቡዕ ቢላክ፣ ወይም ኮሚቴው አነስተኛ ብድሮችን በየቀኑ የሚያጸድቅ አንድ ሰው ቢወክል፣ ያለ አንድ አዲስ ቅጥር ስንት ቀን እንደሚቀንስ ይታይዎታል።

ሌላ የሚረዳዎት ቀላል ስሌት አለ። ጆን ሊትል የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ነው። በእጅ ያለውን ጠቅላላ ማመልከቻ በቀን በሚጠናቀቀው ቁጥር ሲያካፍሉት አማካዩን የቆይታ ጊዜ ይሰጥዎታል። ለምሳሌ በሦስቱም ክፍል በድምሩ 300 ማመልከቻ ካለና በቀን 15 ካለቀ፣ አንዱ ማመልከቻ በአማካይ 20 የሥራ ቀን ይቆያል። የሚጠናቀቀው ቁጥር 15 ሆኖ ሳለ ምዝገባ ላይ ሰው ጨምረው ብዙ ማመልከቻ ቢገባና 300ው ወደ 400 ቢያድግ፣ ቆይታው ወደ 27 ቀን ገደማ ይሄዳል። ወጪ አውጥተው ወረፋ ያስረዝማሉ። እባክዎ ቅጥሩን ያቁሙት።

የምዝገባ ክፍሉን ግብ ደግሞ ይመልከቱት። የመጣውን ሁሉ በዕለቱ እንዲመዘግቡ ብቻ ከተጠየቁ፣ ያልተሟላውንም ይመዘግባሉ። ያልተሟላው ምርመራ ላይ ሲደርስ ይመለሳል፤ እንደገና ይመዘገባል። ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ማመልከቻ ለእነሱ ሁለት ሥራ ሆኖ ይቆጠርላቸዋል እንዴ? ይህን አጣሩ። ግባቸው «ምርመራ ክፍል ሳይመልሰው የተቀበለው ማመልከቻ» ቢሆን ይሻላል። ስለ አንድ ክፍል ሥራ ጥራት መመስከር ያለበት ሥራውን የሚቀበለው ቀጣዩ ክፍል ነው።

ለመጀመር 20 ፋይል ይምረጡ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ፋይሉ ወደ ማንኛውም ሰው እጅ ሲገባና ከእጁ ሲወጣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። ስለ ማንም ሰው አስተያየት አይጻፍ፤ ሰዓት ብቻ። ፋይሎቹ ሲያልቁ የሦስቱን ክፍል ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀምጡና ወረቀቶቹን አብራችሁ ዘርግታችሁ እዩ። ፋይሉ የተሠራበትን ሰዓት በአንድ ቀለም፣ የተኛበትን በሌላ ቀለም አስምሩ። ያገኛችሁትን ይዘው ይጻፉልኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚነካው የትኛው እንደሆነ አብረን እናያለን።